እንባ እንደ ሌንስ፦ የሰው ሠራሽ እንባ ዓይነቶችና የጠራ እይታ

መግቢያ

በፈተና ሰሞን በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለረጅም ሰዓት የቆየ ተማሪ አንድ ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። የሚያነብባቸው ፊደሎች ቀስ በቀስ ይደበዝዙበታል። ዐይኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያርገበግብ ፊደሎቹ መልሰው ይጠራሉ፤ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ግን እንደገና ይደበዝዛሉ። ተማሪው «መነጽር ሳያስፈልገኝ አልቀረም» ብሎ ወደ ምርመራ ይሄዳል። በምርመራው ክፍል ሰሌዳ ላይ ያሉትን ትንንሽ ፊደሎች ግን ያለ ችግር ያነብባቸዋል፤ ዐይኑም ጤነኛ ነው ተብሎ ይመለሳል። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ያው ችግር ይጠብቀዋል።

ለመሆኑ መነጽር የማያስተካክለው፣ በዐይን መርገብገብ ብቻ የሚጠፋና ተመልሶ የሚመጣ ብዥታ ከየት ይመነጫል? መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው በዐይናችን ፊት ላይ በተዘረጋው ስስ የእንባ ሽፋን ውስጥ ነው። ይህን ሽፋን ለማገዝ ተብለው የተሠሩ ጠብታዎች «ሰው ሠራሽ እንባ» ይባላሉ። ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ ዋጋቸውም የተለያየ ነው፤ በእይታ ላይ የሚያሳድሩት ውጤትም አንድ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ዐይንን እያለሰለሱ ለጊዜው እይታን ያደበዝዛሉ።

በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ እንባ ለእይታ የሚሰጠውን አገልግሎት በስሌት እናሳያለን። ቀጥለን የሰው ሠራሽ እንባ ዓይነቶችን በፊዚክስ መነጽር እናነጻጽራለን። በመጨረሻም በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ቀላል ሙከራና ጥቂት ማሳሰቢያዎችን እናቀርባለን። ዓላማችን በክፍል ውስጥ የምንማረው የብርሃንና የፈሳሽ ሕግ በራሳችን ዐይን ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት እንጂ የሐኪምን ቦታ መተካት አለመሆኑን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ብርሃን መጀመሪያ የሚያገኘው ገጽ

ብዙ ተማሪዎች ብርሃንን በዐይን ውስጥ በዋነኛነት የሚሰብረው ውስጠኛው ሌንስ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዐይን በጠቅላላው ወደ 60 ዳዮፕተር የሚጠጋ ኃይል ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ 43 ያህሉ የሚገኘው ከኮርኒያ፣ ማለትም ከዐይን ፊት ካለው ብርሃን አሳላፊ ክፍል ነው። ምክንያቱም ትልቁ የሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ ልዩነት ያለው በአየርና በዐይን መካከል ነው።

የአንድ ጎባጣ ገጽ ኃይል በሚከተለው ቀላል ስሌት ይገኛል።

የገጹ ኃይል በዳዮፕተር = (የሁለተኛው ኢንዴክስ − የመጀመሪያው ኢንዴክስ) ÷ የጉብጠቱ ሬዲየስ በሜትር

የአየር ኢንዴክስ 1.000፣ የእንባ 1.336፣ የኮርኒያ ደግሞ 1.376 ነው። የኮርኒያ የፊት ገጽ ሬዲየስ በአማካይ 7.8 ሚሊሜትር፣ ማለትም 0.0078 ሜትር ነው። ስለዚህ፦

ከአየር ወደ እንባ፦ 0.336 ÷ 0.0078 = 43.1 ዳዮፕተር
ከእንባ ወደ ኮርኒያ፦ 0.040 ÷ 0.0078 = 5.1 ዳዮፕተር
ድምር፦ 48.2 ዳዮፕተር

የኮርኒያው የኋላ ገጽ ወደ 6 የሚጠጋ ዳዮፕተር ስለሚቀንስ የተጣራው ውጤት ከላይ ወደጠቀስነው ቁጥር ይወርዳል።

አሁን እንባው ጨርሶ ባይኖርና አየር በቀጥታ ኮርኒያውን ቢነካ ምን እንደሚሆን እናስላ። 0.376 ÷ 0.0078 = 48.2 ዳዮፕተር ይሆናል። ቁጥሩ ያው ነው! የእንባ ሽፋን በጣም ስስና በሁሉም ቦታ እኩል ውፍረት ያለው እስከሆነ ድረስ የእንባው ኢንዴክስ በስሌቱ ውስጥ ይጣፋል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ትምህርት እናገኛለን። ስስና እኩል ሆኖ የተዘረጋ ሰው ሠራሽ እንባ፣ ኢንዴክሱ ከተፈጥሮው እንባ በመጠኑ ቢለይም እንኳ በዐይን ጠቅላላ ኃይል ላይ ለውጥ አያመጣም።

ታዲያ እንባ ለእይታ ምን ይጠቅማል? መልሱ ያለው «እኩል ውፍረት» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። የኮርኒያ የላይኛ ሕዋሳት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ገጻቸው በጥቃቅን እጥፋቶች የተሞላ ነው። ሸካራ ድንጋይ ውሃ ሲፈስስበት ገጹ እንደሚያንጸባርቅ ሁሉ፣ እንባም እነዚህን እጥፋቶች ሞልቶ ለብርሃን ለስላሳ ገጽ ያዘጋጃል። የእንባ ዋና አገልግሎት በኮርኒያ ላይ ኃይል መጨመር ሳይሆን ገጹን ማስተካከል ነው።

ምን ያህል ልስላሴ ያስፈልጋል?

የእንባ ሽፋን ውፍረት ወደ 3 ማይክሮሜትር ይጠጋል። የአንድ ፀጉር ውፍረት ከዚህ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። በዚህ ስስ ሽፋን ውስጥ አንዱ ቦታ ከሌላው ቢወፍር በሁለቱ ቦታዎች የሚያልፈው ብርሃን እኩል አይደርስም። ለአንድ ምስል ጥራት የተለመደው መመዘኛ፣ ይህ የመንገድ ልዩነት ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት አንድ አራተኛ እንዳይበልጥ ነው። ዐይናችን ይበልጥ የሚያየው አረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 0.55 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ አንድ አራተኛው 0.14 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል።

የመንገድ ልዩነቱ የሚገኘው የውፍረቱን ልዩነት በእንባና በአየር ኢንዴክስ ልዩነት፣ ማለትም በ0.336 በማባዛት ነው። እንግዲህ 0.1375 ÷ 0.336 = 0.41 ማይክሮሜትር። በ3 ማይክሮሜትር ሽፋን ላይ የግማሽ ማይክሮሜትር እንኳ ያልሞላ መበላለጥ የምስሉን ጥራት ለመቀነስ ይበቃል ማለት ነው። ዐይን ሳይርገበገብ ሲቆይ ሽፋኑ የሚሳሳው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ በአንዳንድ ቦታ ተቦድሶ ሊቀርም ይችላል። በመግቢያችን የገለጽነው ተማሪ የሚያየው ብዥታ ይህ ነው። በምርመራው ክፍል ውስጥ ግን በየፊደሉ መካከል ስለሚያርገበግብ ሽፋኑ ይታደሳል፤ ችግሩም ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። የዐይን ድርቀት ያለባቸው ሰዎች በተለመደው ምርመራ ጥሩ እይታ ቢመዘገብላቸውም፣ ለሴኮንዶች ሳያርገበግቡ ሲመለከቱ የእይታቸው ጥራት በግልጽ ይወርዳል።

የእንባ ሽፋን አሠራርና ጠላቶቹ

የእንባ ሽፋን ውሃ ብቻ አይደለም። ከኮርኒያው ጋር የተያያዘው ክፍል ሚውሲን የተባለ ዝልግልግ ፕሮቲን የበዛበት ነው፤ ውሃው በሕዋሳቱ ላይ እንዲንጣለል የሚያደርገው እርሱ ነው። በመካከል ጨዎችና ፕሮቲኖች ያሉበት ውሃማው ክፍል አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዐይን ቆብ ጠርዝ ላይ ካሉት ሜይቦሚያን ዕጢዎች የሚመነጨው እጅግ ስስ የሆነ የቅባት ሽፋን ተንጣልሏል። ቅባቱ ትነትን ይገታል፤ የገጽ ውጥረትንም ይቀንሳል። የንጹሕ ውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 72 ሚሊኒውተን ገደማ ሲሆን የእንባ ግን 43 ያህል ነው። ይህ ዝቅተኛ ውጥረት እንባው ጤዛ እንደያዘ ቅጠል ተንኳሎ እንዳይቀር ይረዳዋል።

በዚህ መሠረት የዐይን ድርቀት በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይመጣል። አንደኛው ውሃማው ክፍል ሲያንስ ነው። ሁለተኛውና በብዛት የሚታየው ቅባቱ ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ እንባው ቶሎ ሲተን ነው። ሁለቱ ተደርበው የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው።

ትነትን የሚያባብሱ ሁኔታዎች በዙሪያችን ሞልተዋል። የደጋው የበጋ አየር ደረቅ ነው። የሚኒባስ መስኮት ነፋስ፣ የማገዶ ጭስ፣ አቧራ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ሁሉም የየድርሻቸውን ያደርጋሉ። ከሁሉም ይልቅ ግን የተማሪ ጠላት ትኩር ብሎ ማንበብ ነው። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ ያህል ዐይኑን ያርገበግባል፤ ሲያነብብ ወይም የኮምፒውተርና የስልክ መስኮት ሲመለከት ይህ ቁጥር በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ሽፋኑ በየ4 ሴኮንዱ መታደሱ ቀርቶ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይጠብቃል።

ሰው ሠራሽ እንባ የሚፈታው እንቆቅልሽ

በዐይን ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ የሚገኘው እንባ 7 ማይክሮሊትር ገደማ ነው። የዐይን ቆቦች ሳይፈስስ ሊይዙት የሚችሉት ወደ 30 ማይክሮሊትር ሲሆን፣ ከጠርሙስ የሚወርድ አንድ ጠብታ ግን ከ30 እስከ 50 ማይክሮሊትር ይደርሳል። ስለዚህ ሁለተኛው ጠብታ ጉንጭን ከማርጠብ በቀር ፋይዳ የለውም። ትርፉ በጉንጭ ላይ ይፈስሳል ወይም በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል፤ ጠብታ ያደረገ ሰው ጣዕሙ ጉሮሮው ድረስ የሚሰማውም ለዚህ ነው።

እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ነው። ጠብታው እንደ ውሃ ቀጭን ከሆነ እይታን አያውክም፤ ነገር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ታጥቦ ይሄዳል። ዝልግልግ ከሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን ቶሎ አይንጣለልም፤ ወጣ ገባ ገጽ ፈጥሮ እይታን ያደበዝዛል። ሰው ሠራሽ እንባን የሚያዘጋጁ ኬሚስቶች ለአሥርት ዓመታት የደከሙት እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ለማስታረቅ ነው።

ዓይነቶቹ ሲነጻጸሩ

1. የጨው ውሃ። ከሁሉም ቀላሉ ከእንባ ጋር የተመጣጠነ ጨው ያለበት ንጹሕ ውሃ ነው። አቧራን አጥቦ ያወጣል፤ ብዥታም አያስከትልም። ሆኖም የመቆየት ዐቅም የለውም፤ ደጋግሞ መጠቀምም የተፈጥሮውን ቅባትና ሚውሲን ያጥባል።

2. የሴሉሎስ ልጆች። ሴሉሎስ የጥጥና የእንጨት ዋነኛ አካል ነው። ኬሚስቶች ሞለኪውሉን በጥቂቱ ለውጠው በውሃ የሚሟሙ ፖሊመሮችን አውጥተዋል፤ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስና ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲልሴሉሎስ የተባሉት በዐይን ጠብታ ጠርሙሶች ላይ በብዛት ይነበባሉ። 0.5 በመቶ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ያለው ጠብታ ለቀን ሥራ የሚመች ሲሆን፣ 1 በመቶ ያለው ግን ወፍራም በመሆኑ ለተወሰኑ ደቂቃዎች እይታን ያደበዝዛል። ፖሊቪኒል አልኮል የተባለው ሌላ ፖሊመር ከእነዚህ የቀጠነ ነው፤ ብዥታው ጥቂት፣ ቆይታውም አጭር ነው።

3. ሃያሉሮኔት። ሃያሉሮኒክ አሲድን እ.ኤ.አ. በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር ከበሬ ዐይን ውስጥ ከሚገኘው ዝልግልግ አካል ለይተው አወጡት። ስሙም መስታወት የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። በጠብታዎች ውስጥ የሶዲየም ጨው ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.4 በመቶ ይገባል።

የዚህ ንጥረ ነገር ልዩ ባሕርይ በአገራችን ማእድ ቤት በሚገኙ ሁለት ነገሮች ሊብራራ ይችላል። ማርን በማንኪያ ቀስ ብለን ብናማስለውም ሆነ አፍጥነን ብናማስለው ዝልግልግነቱ ከሞላ ጎደል አይለወጥም። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ኒውተናዊ ይባላል። የተልባ ውሃ ግን በዝግታ ሲፈስስ ዝልግልግ ነው፤ በኃይል ሲማሰል ይቀጥናል፤ ማማሰሉ ሲያቆም ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች በፍጥነት ሲጎተቱ በፍሰቱ አቅጣጫ ስለሚደረደሩ እርስ በርስ መጠላለፋቸው ይላላል። ሃያሉሮኔትም እንደ ተልባው ነው። የዐይን ቆብ በሴኮንድ ከ10 ሴንቲሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ሲወርድበት ይቀጥናል፤ ቆቡን አይዝም፤ በስሱ ይንጣለላል። ዐይን ተከፍቶ ሲቆይ ደግሞ መልሶ ስለሚዘለግል ቶሎ አይፈስስም። የተፈጥሮ እንባም ይህንኑ ጠባይ በመጠኑ ያሳያል። ስለዚህ በቆይታና በጥራት መካከል ላለው ግጭት ከተገኙት መፍትሔዎች ውስጥ ይህ አንዱ ጥሩ መፍትሔ ነው። መጠኑ ሲጨምር ግን እርሱም ማደብዘዙ አይቀርም።

4. የጓር ጠብታዎች። ጓር በሕንድና በፓኪስታን በስፋት የሚመረት ባቄላ መሰል ተክል ነው። ከፍሬው የሚገኘው ሙጫ ተለውጦ ከቦሬት ጋር ይዘጋጃል። በጠርሙሱ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ይቆይና ዐይን ላይ ሲያርፍ ከእንባው አሲድነት መጠን ጋር ተገናኝቶ ወደ ለስላሳ ጄል ይለወጣል። በሚለወጥባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች አነስተኛ ብዥታ ሊኖር ይችላል።

5. ቅባት ያለባቸው ጠብታዎች። እነዚህ የሚኒራል ዘይት ወይም ተጣርቶ የተዘጋጀ የጉሎ ዘይት በጥቃቅን እንክብሎች መልክ በውሃ ውስጥ የተበተነባቸው ኢመልሽኖች ናቸው። ዓላማቸው የጎደለውን የቅባት ሽፋን መተካት ስለሆነ ትነት ዋናው ችግር ለሆነበት ሰው ይጠቅማሉ። ብዙዎቹ ግን ወተት ይመስላሉ፤ ወተት ነጭ የሚሆንበት ምክንያትም እነርሱን ይመለከታቸዋል። የቅባቱ እንክብሎች መጠን ወደ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ሲጠጋ ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትኑታል። እንክብሎቹ ከሞገድ ርዝመቱ በጣም ሲያንሱ ደግሞ የቅባቱ ጠቅላላ መጠን ሳይለወጥ የሚበተነው ብርሃን በዲያሜትሩ ሣልሳዊ ኃይል ይቀንሳል። ዲያሜትሩ በግማሽ ቢቀንስ የሚበተነው ብርሃን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት እንክብሎቻቸው እጅግ የደቀቁ አዳዲስ ኢመልሽኖች ከቀደሙት ይልቅ የጠሩ ናቸው። በማንኛውም ሁኔታ ብዥታው ዐይን በተደጋጋሚ ሲርገበገብ ይቀንሳል። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ውሃ የሌለበትና ትነትን የሚገታ ፐርፍሎሮሄክሲልኦክቴን የተባለ ጠብታ በሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ፈቅዷል፤ ይህ ዘርፍ ገና በማደግ ላይ መሆኑን ያመለክታል።

6. ጄልና ቅባት። ካርቦመር የተባለው ፖሊመር ያለባቸው ጄሎች ከጠብታዎች ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ከሁሉም በላይ የሚቆየው ከቫዝሊን መሰል ንጥረ ነገርና ከሚኒራል ዘይት የሚዘጋጀው የዐይን ቅባት ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ቅባት ኢንዴክስ ወደ 1.48 ይጠጋል። ቀደም ሲል የሠራነውን ስሌት በዚህ ቁጥር ብንደግመው የሚፈቀደው መበላለጥ ከ0.41 ወደ 0.29 ማይክሮሜትር ዝቅ ይላል። ወፍራሙና በቶሎ የማይንጣለለው ቅባት ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ወጣ ገባ ነው። እይታ መጨፈኑ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ቦታው ከመኝታ በፊት ብቻ ነው።

የትኛው ይበልጣል?

አንባቢ «ታዲያ አንደኛው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኮክሬን የታተመ ሰፊ ግምገማ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ ሰው ሠራሽ እንባዎች ላይ የተደረጉ 43 ጥናቶችን መርምሮ፣ አብዛኞቹ ጠብታዎች ተቀራራቢ ጥቅም እንደሚሰጡ ደምድሟል። ይህ ማለት ውድ የሆነው ሁሉ ይሻላል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ልዩነቱ ያለው ከሰውየው ችግርና ከሰዓቱ ጋር በመስማማቱ ላይ ነው። ባጭሩ፦

ለሚያነብብ፣ ለሚያሽከረክር፣ በማሽን ላይ ለሚሠራ ሰው፦ ቀጭን የሴሉሎስ ወይም አነስተኛ መጠን ያለው የሃያሉሮኔት ጠብታ።
እንባው ቶሎ ለሚተንበት፣ የቆቡ ጠርዝ ለሚቆጣበት፦ ቅባት ያለበት ጠብታ፤ ከዚህም ጋር ቆቡን በሞቀ ንጹሕ ጨርቅ ለደቂቃዎች ማሞቅ፤ ሙቀቱ በዕጢዎቹ የረጋውን ቅባት ያቀልጠዋልና።
ከእንቅልፍ ሲነሣ ዐይኑ ለሚቆረቁረው፦ ማታ ጄል ወይም ቅባት።

ስለ ማቆያ ኬሚካልና ስለ ንጽሕና

ጠርሙስ ከተከፈተ በኋላ ባክቴሪያ እንዳይራባበት በብዙ ጠብታዎች ውስጥ ማቆያ ኬሚካል ይጨመራል። የተለመደው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ጠባዩ እንደ ሳሙና ስለሆነ ባክቴሪያን እንደሚያጠፋ ሁሉ ደጋግሞ ሲገባ የእንባን ቅባት ይበትናል፤ የኮርኒያን ሕዋሳትም ይጎዳል። ድርቀትን ለማከም የገባው ጠብታ ድርቀቱን ያባብሰዋል ማለት ነው። ስለዚህ በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ጠብታ የሚያስፈልገው ሰው ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን እንዲመርጥ ይመከራል። ለስላሳ የንክኪ ሌንስ የሚያደርግ ሰውም እንዲሁ፤ ሌንሱ ኬሚካሉን ይመጥጣልና።

ማቆያ ኬሚካል የሌለው ጠብታ ግን ጥብቅ ንጽሕና ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የደረሰው አደጋ ለዚህ ምስክር ነው። ማቆያ ኬሚካል ሳይኖረው በባለብዙ ጠብታ ጠርሙስ ከታሸገ ሰው ሠራሽ እንባ ጋር በተያያዘ፣ መድኃኒት የተላመደ ፕሲዩዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በ18 ግዛቶች 81 ሰዎችን አጠቃ። በ14 ሰዎች ላይ የእይታ መጥፋት ተመዘገበ፤ የ4 ሰዎች ዐይን በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ 4 ሰዎችም ሞቱ። በምርመራ በአመራረቱ ላይ የንጽሕና ጉድለት ተገኝቷል። የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። እሽጉ ያልተነካ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ ጠብታ መግዛት፣ እጅን መታጠብ፣ የጠርሙሱን ጫፍ ከዐይንም ከሽፋሽፍትም አለማስነካት፣ ከሰው ጋር አለመዋዋስ፣ የአንድ ጊዜ እሽጉን ለነገ አለማቆየት ግዴታ ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

አንድ ንጹሕ የመስታወት ቁራጭ፣ ጋዜጣ፣ ውሃ፣ ሳሙናና ከተልባ የተጠለለ ውሃ እናዘጋጅ። መስታወቱን ከጋዜጣው ወደ 10 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገን በላዩ እያየን ፊደሎቹን እናንብብ።

በመጀመሪያ መስታወቱን በጣታችን ቅባት አሽተን ጥቂት ውሃ እንርጭበት። ውሃው ይንኳለላል፤ ፊደሎቹም ይጣመማሉ። ይህ የተቆራረጠ የእንባ ሽፋን ምሳሌ ነው።
ቀጥለን በሳሙና አጥበን፣ በደንብ አለቅልቀን ውሃውን እንደገና እናድርግበት። ውሃው በስሱ ይንጣለላል፤ ንባቡም ይጠራል።
በሦስተኛው የተልባውን ውሃ እናፍስበት። በመጀመሪያ ያደበዝዛል፤ ሲንጣለል ይጠራል፤ መስታወቱን ስናዘነብለው ግን ከውሃው ይልቅ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በቆይታና በጥራት መካከል ያለውን ግጭት በዐይናችን አየነው ማለት ነው።

ይህ ሙከራ በመስታወት ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። ተልባም ሆነ የጉሎ ዘይት፣ በቤት የተዘጋጀ ማንኛውም ነገር ወደ ዐይን መግባት የለበትም።

ማሳሰቢያ

ሰው ሠራሽ እንባ ያልሆኑ ጠብታዎችን እንደ እንባ መጠቀም ትልቅ አደጋ አለው። የቀላን ዐይን የሚያነጡ ጠብታዎች የደም ሥሮችን ለጊዜው ያጠባሉ፤ ሲተዋቸው ቅላቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች ደግሞ ማሳከክን ፈጥነው ስለሚያስታግሡ ይወደዳሉ፤ ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን የዐይንን ግፊት ጨምረው ግላኮማን፣ እንዲሁም የዐይን ሞራን ያመጣሉ። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም። የጠርሙሱን ስም ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ድርቀት ሁሉ በጠብታ የሚታለፍ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ትራኮማ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ በማድረግ እንባ አመንጪዎችን ይጎዳል። በሕፃናት ላይ ድርቀት ከዳፍንት ጋር ሲታይ የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ጠብታ ሳይሆን ቫይታሚኑ ነው። ብርቱ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ መግል፣ ድንገተኛ የእይታ መቀነስ ወይም በመርገብገብ የማይጠፋ ብዥታ ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ዐይን ከምናውቃቸው የብርሃን መሣሪያዎች ሁሉ የሚለየው የፊት ገጹ ፈሳሽ መሆኑ ነው። ያ ፈሳሽ ገጽ በየጥቂት ሴኮንዱ ይፈርሳል፤ በየእርግብግቢቱም እንደገና ይሠራል። ለጠራ እይታ የሚመረጠው ሰው ሠራሽ እንባ እጅግ ወፍራሙ ወይም እጅግ ውዱ ሳይሆን፣ ይህን ገጽ ለስላሳ አድርጎ፣ ሥራውን ሳያውክ የሚቆየው ነው። ከጠብታ በፊት ግን ዋጋ የማይጠየቅበት መድኃኒት አለ፤ በየ20 ደቂቃው ከመጽሐፉ ቀና ብሎ ሩቅ መመልከትና ዐይንን ሙሉ በሙሉ ከድኖ ማርገብገብ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ባለ 10 ሚሊሊትር ጠርሙስ እያንዳንዳቸው 40 ማይክሮሊትር የሆኑ ስንት ጠብታዎች ይወጡታል? በሁለቱም ዐይን በቀን 4 ጊዜ አንድ አንድ ጠብታ ለሚጠቀም ሰው ስንት ቀን ይበቃዋል? ጠርሙሱ በተከፈተ በ28 ቀን መጣል ቢኖርበት ምን ያህሉ ይባክናል?
2. ኢንዴክሱ 1.333 በሆነ ውሃ ውስጥ ዐይንን ብንከፍት የኮርኒያ የፊት ገጽ ኃይል ከ48.2 ወደ ስንት ዳዮፕተር ይወርዳል? የዋና መነጽር ያደረገ ሰው አጥርቶ የሚያየውስ ለምንድን ነው?
3. ከሞገድ ርዝመት በጣም ያነሱ የቅባት እንክብሎች ዲያሜትር ወደ አንድ ሦስተኛ ቢቀንስ፣ የቅባቱ ጠቅላላ መጠን ሳይለወጥ የሚበተነው ብርሃን በስንት እጥፍ ይቀንሳል?